የከሸፈው አመፅና የአሸናፊው ጆሮ



ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ሰፈራችን ሳይተኛ እንዳደረ ታስታውሳላችሁ። ከውኃ ቧንቧው አጠገብ «ጦሩ አምፆአል» የሚል ወሬ ተነሣ። የትኛው ጦር፣ የየት አገር ጦር እንደሆነ አጥርቶ የሚናገር አልነበረም። አንዱ የእኛ ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ የጎረቤት አገር ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ በሬዲዮ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ ብሎ ማለ። ጎረቤታችን የሆኑት እናት ምጣዳቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ሁለቱን ድስቶች በገመድ አስረው፣ ልጆቻቸውን ጫማ አጫምተው በር ላይ ቁጭ ብለው አደሩ። ሲነጋ ወሬው እንደ ላጋው ውኃ አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ጠፋ። እኚህ እናት ረፋዱ ላይ ምጣዱን ከጆንያው አውጥተው እንደገና ጣዱት። አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኛም «አይዞዎት» ለማለት እንኳ አፍ አጣን።

በዚህ እትም ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ያ ምጣድ ከዓይናችን አልጠፋ ስላለን፣ ደግሞም ለብዙ ዓመታት ሳንከፍለው የኖርነው አንድ ዕዳ ስላለብን፣ ብዕራችንን ወደዚህ መለስን። ዕዳው የገንዘብ አይደለም፤ የመልስ ዕዳ ነው።

አገር ቤት ሳለን በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ታሪክ እናስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ 1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ስናስተምር፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ዕጩ መምህርት እጇን አነሣች። «መምህር፣ አመፁ ከከሸፈ በኋላ መንግሥቱ ጠነከረ ወይስ ደከመ?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ክፍሉ ግን በአንዴ ጸጥ አለ። በዚያ ሰሞን «መንግሥት»፣ «አመፅ»፣ «ደከመ» የሚሉት ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ የሚያዳምጥ ሌላ ጆሮ ይኖር ይሆን እያልን ሁላችንም እንሠጋ ነበር። እኛም ሰዓታችንን አይተን «ወደሚቀጥለው ርዕስ እንለፍ» አልን። ልጅቱ እጇን አወረደች። ከዚያ ቀን ወዲያ በእኛ ክፍል ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ከኮሌጁ የወጣንበትና ድንበር የተሻገርንበት ታሪክ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ የምንጽፈው ለዚያች ልጅ የዘገየውን መልስ ነው።

እኛ የተወለድነው በ1981 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ አየር ኃይል በከተመባት በደብረ ዘይት ነው። ስለዚህ የግንቦት 8ቱን ነገር ያሳለፍነው በእናታችን ጀርባ ታዝለን ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩም እንዲህ ነው። በዚያን ማክሰኞ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ለጉብኝት ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረሩ። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ከፍተኛ የጦር አዛዦች አዲስ አበባ በሚገኘው በመከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ከነርሱም መካከል ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ነበሩበት። አሥመራ ላይ ደግሞ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ከነርሱ ጋር አበሩ። የሰሜኑ ጦርነት በጠመንጃ እንደማያልቅ እነዚህ ሰዎች ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበር፤ ካርታው በእጃቸው፣ የሟቹም ቁጥር በጠረጴዛቸው ላይ ነበርና።

ነገር ግን ጄኔራሎቹ ሲመክሩ ሰዓቱ አለፈ። አልተባበርም ያሉት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም እዚያው ተገደሉ። ለፕሬዚዳንቱ የታመነው ጦር ሕንፃውን ከበበ። መርዕድ ንጉሤና አምሃ ደስታ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። መንግሥቱም በማግሥቱ ከበርሊን ተመለሱ። ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ በራሳቸው ሠራዊት ወታደሮች እጅ ተገደሉ። የተያዙት ዓመት ያህል በእስር ከቆዩ በኋላ፣ በግንቦት 1982 ዓ.ም. 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ።

እናታችን ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሱት አንድ ነገር ነው። በአጥራችን ወዲያ ይኖሩ የነበሩ መኮንን ከቤታቸው ተወስደው አልተመለሱም። ሚስታቸው ግን ድንኳን አልጣሉም፤ ጥቁርም አልለበሱም። ማታ ማታ ትራስ በአፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር። «ግድግዳው ጭቃ ስለ ነበር እኔ እሰማ ነበር፤ ሲነጋ ግን ደኅና አደሩ ወይ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል» ይሉናል እናታችን። ለቅሶ ሳይቀር የተደበቀበት ከተማ ከውጭ ለሚያየው ሰላማዊ ይመስላል። መንገዱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሬዲዮው ስለ ድል ያወራል፤ ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። በዚያን ሰሞን ማንም ሰው መንግሥቱ ጠነከረ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ አዎን ማለቱ አይቀርም ነበር።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን አዛውንት ሃምሳ አለቃ ላስተዋውቃችሁ የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑት ናቸው። በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወጥተው፣ በዋልዳ መጠለያ ቆይተው፣ ከዚያም እዚህ ቱርካና የመጡ ሰው ናቸው። በግንቦት 1981 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ የመገናኛ ክፍል ወታደር ነበሩ። የዚያ ወሬ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲራወጥ እርሳቸው ብቻ ከበርጩማቸው አልተነሡም። በማግሥቱ ሄደን፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አልደነገጡም?» ብለን ጠየቅናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉን፤

«መምህር፣ እኔ አመፅ ሲከሽፍ ምን እንደሚመጣ አይቻለሁ። ከግንቦት በፊት ከግንባር መልእክት ሲመጣ እንዳለ ወደ ላይ እናስተላልፍ ነበር። ጥይት አልቋል ካለ አልቋል፤ ጠላት ሰብሮ ገባ ካለ ገባ። ከግንቦት በኋላ ግን አዲሱ አለቃ ወረቀቱን አንብቦ ያጥፈውና እንደገና ጻፍ ይለኛል። ምን ብዬ? ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው በል። እርሱም ፈርቶ ነው፤ አልፈርድበትም። ክፉ ወሬ ያመጣ ሰው ወሬውን የፈለገው ይመስል ነበርና። በእነዚህ ጣቶቼ ስንቱን ውሸት አሳምሬ አስተላልፌአለሁ! ያኔ ነው ይህ መንግሥት አለቀለት ያልኩት። ጠመንጃ ነበረን፤ ታንክ ነበረን፤ የሚሰማ ግን አልነበረም።»

አንባቢ ሆይ፤ እኛ በመጻሕፍት የፈለግነውን መልስ እኚህ ሰው በጣታቸው ሲያውቁት ኖረዋል። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። የከሸፈ አመፅ ከገዢ ላይ የሚወስደው ጠመንጃውን አይደለም፤ ጠመንጃውማ እንዲያውም ይበዛለታል። የሚወስድበት ጆሮውን ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ዘርዘር አድርገን እንመልከት። በመጀመሪያ፣ የሞቱት ሰዎች ተራ ሰዎች አልነበሩም። አንድን ጄኔራል ለማፍራት ከዕጩ መኮንንነት ጀምሮ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጃል፤ እርሱን ለመግደል ግን አንድ ቀን ይበቃል። በቦታው የሚሾመው ሰው የሚመረጠው በውጊያ ችሎታው ሳይሆን ባለመጠርጠሩ ነው። ሁለተኛ፣ ቀድሞውንም በዚያ ሠራዊት ውስጥ አዛዡ ብቻውን አያዝም ነበር፤ የፖለቲካ ኃላፊውና የኢንስፔክሽኑ ሰው ከጎኑ ተቀምጠው ይቆጣጠሩት ነበር። ከግንቦት በኋላ ይህ ዓይነቱ መጠባበቅ ባሰ። ከፊቱ ያለውን ጠላት መመልከት የሚገባው መኮንን ከጎኑ የተቀመጠውን ሲመለከት ይውላል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ግን ተራው ወታደር የተረዳው ነገር ነው። የጦሩ አውራዎች ራሳቸው ይህ ጦርነት ይብቃ ብለው ሞቱ። አለቃው ያላመነበትን ጦርነት ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅ ስለ ምን ይሞትለታል?

በእርግጥ ለደርግ መውደቅ ምክንያቱ የግንቦት 8ቱ ነገር ብቻ ነው ብንል ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ከዚያ አስቀድሞ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የናደው ዕዝ ተደምስሶ ነበር። በየካቲት 1981 ዓ.ም. በሽሬ ትልቅ ጦር ተሰብሮ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጥቶ ነበር። የሶቪየት ኅብረት እጅም ማጠር ጀምሮ ነበር። ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአፍአበት ሽንፈት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥት ትእዛዝ ተገድለው ነበር። ጆሮውን መቁረጥ የተጀመረው ከአመፁ በፊት ነው፤ አመፁ የወለደው ፍርሃት ግን የቀረውን ጨረሰው።

ገዢው አንዳንድ ነገር አልሞከረም ማለታችን አይደለም። አመፁ በከሸፈ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሸንጎው ተሰብስቦ የሰላም ንግግር ሐሳብ አቀረበ፤ ከሻዕቢያም ጋር በአትላንታና በናይሮቢ ንግግር ተደረገ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። ነገር ግን በዚያው ወር ምፅዋ ተያዘች። ንግግሩን ከልባቸው ይፈልጉት የነበሩት ሰዎች መቃብር ወይም እስር ቤት ስለ ነበሩ፣ የሰላሙ ቃል ሲነገር የሚያምነው ጠፋ። በመጨረሻ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ከአገር ወጥተው ሄዱ። ከግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. እስከዚያች ቀን ስንቆጥረው ሁለት ዓመት ከአምስት ቀን ነው። አመፀኞቹ ተሸንፈው ሞቱ፤ ያሸነፋቸው መንግሥትም ሁለት ዓመት ተርፎ ተከተላቸው።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን «አመፅ የከሸፈበት መንግሥት ሁሉ በሁለት ዓመት ይወድቃል» ብለን ብንጽፍ እናንተም ደስ ይላችሁ ነበር፤ እኛም እንጨበጨብ ነበር። እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም፤ ለዚህም ነው ምጣዱን ያነሣነው።

ልጅቱ ወደ ጠየቀችው ወደ 1953 ዓ.ም. እንመለስ። በታኅሣሥ ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ብራዚልን ሲጎበኙ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ገለበጥን አሉ። ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን አልተከተሏቸውም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉ ነገር አለቀ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሹማምንትም በጥይት ረገፉ። ገርማሜ ሞቱ፤ መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት ተሰቀሉ። ንጉሡ ግን ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ከዘጠኝ ወር ነገሡ። ለወታደሩ ደመወዝ ተጨመረለት፤ ቤተ መንግሥቱም ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ስለ መሬት ጉዳይ ብዙ ተባለ፤ በ1958 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሚኒስቴር እንኳ ተቋቋመ። የጭሰኛው ሕግ ግን ፓርላማው ውስጥ እንደተኛ ቀረ።

ታዲያ መንግሥቱ ጠነከረ? ዕድሜው ረዘመ እንጂ አልጠነከረም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ወሬው ከቤተ መንግሥቱ በር አልፎ ቦታውን ያዘ ለማለት አይቻልም፤ ዓለም በቴሌቪዥን እስኪያየው ድረስ ተሸፋፍኖ ቆየ። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውኃቸው አቤት ብለው የሚሰማቸው ቢያጡ መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ለተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ከዚያው ከሚበሉት አበሏቸው፤ ከዚያው ከሚጠጡት አጠጧቸው። አስቡት፤ አንድ ዙፋን መንቀጥቀጥ የጀመረው ስለ ንጹሕ ውኃ የቀረበ አቤቱታ ባለመሰማቱ ነው። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አሁን ደግሞ ወደ ተጠለልንባት አገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1982 የኬንያ አየር ኃይል ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ወታደሮች፣ በሕዝቅያስ ኦቹካ መሪነት፣ ናይሮቢ ውስጥ የሬዲዮ ጣቢያውን ያዙ። ቀኑ ሳያልቅ ተሸነፉ። ኦቹካ ወደ ታንዛኒያ ሸሽቶ ነበር፤ ተመልሶ ተሰጠና በ1987 ተሰቀለ። አየር ኃይሉ በሙሉ ፈርሶ እንደገና ተዋቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ተማሪዎችና መምህራን ታሰሩ። ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገዙ። ለምን ቢባል፣ በራቸው ላይ የቆመ ጦርነት አልነበረባቸውም፤ ከምዕራባውያን መንግሥታት ዕርዳታ ለብዙ ዓመታት አልተቋረጠባቸውም፤ በእጃቸውም የሚያከፋፍሉት ሹመትና መሬት ነበራቸው። ያን ሁሉ ዓመት የፍርሃቱን ዋጋ የከፈለው ሕዝቡ ነው። የናይሮቢው ኛዮ ሕንፃ ምድር ቤት ምን ይደረግበት እንደነበር በዕድሜ የገፉ ኬንያውያን ወዳጆቻችሁን ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነግሯችኋል።

የሞይ መንግሥት የአንድ ፓርቲ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ የተነሣው በሌሊት ወታደር አይደለም። ጠበቆች፣ የሃይማኖት አባቶችና የከተማ ወጣቶች በቀን ብርሃን ስለ ተናገሩ፣ ለጋሾችም እጃቸውን ስለ ሰበሰቡ ነው። ሞይ ራሳቸው በ2002 ከሥልጣን የወረዱት ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ዘመን ስላለቀና ተመራጫቸው በድምፅ ስለ ተሸነፈ ነው። የከሸፈው አመፅ ለመጣው ለውጥ መንገድ ከፈተ ከማለት ይልቅ መንገዱን ለዓመታት አስረዘመው ብንል ወደ እውነቱ የምንቀርብ ይመስለናል።

እንግዲህ ለዚያች ዕጩ መምህርት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጄ፣ አመፁ በከሸፈ ማግሥት መንግሥቱ የጠነከረ ይመስላል፤ ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ ይመስለዋልና። ውስጡ ግን ይደነቁራል። ክፉ ወሬ የሚያመጡለት ሰዎች አንድም ሞተዋል፣ አንድም ፈርተዋል። ደንቆሮ ሰው በሜዳ ላይ ለብዙ ዘመን ሊሄድ ይችላል፤ ገደል አጠገብ ሲደርስ ግን የሚጮህለት የለም። ለደርግ ገደሉ ቅርብ ስለ ነበር ሁለት ዓመት በቃው። ለንጉሡ ዐሥራ ሦስት ዓመት ወሰደ፤ በኬንያ ሃያ ዓመት ሄደ። የገደሉን ርቀት የሚወስነው ጦርነቱ፣ ገንዘቡና የውጭ ወዳጁ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው አመፅ ከሸፈ ወይም ተነሣ ሲባል ሰምቶ ቀን መቁጠር አይችልም።

ይህን መልስ ያን ቀን ብንሰጥ ኖሮ ምን እንሆን ነበር? ምናልባት የሆነውን ሁሉ እንሆን ነበር፤ ምናልባትም ከዚያ ቀደም ብለን እንሰደድ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር ይገባናል። እኛም ክፍላችን ውስጥ ትንሽ ገዢ ነበርን። ፈራንና የአንዲት ልጅ እጅ አስወረድን፤ ክፍሉ ጸጥ ሲልም ትምህርቱ ገብቷቸዋል ብለን ወጣን። ሃምሳ አለቃው ውሸት ያሳመሩት በጣታቸው ነው፤ እኛ ያሳመርነው በዝምታችን ነው።

ለጎረቤታችን እናትም የምንለው አለን። እናቴ፣ ምጣድዎን በወሬ አያንሡ። ልጆቹ እዚህ ይብሉ፤ እዚህ ይማሩ። የመመለሻው ቀን ሲመጣ በሌሊት ሹክሹክታ አይመጣም ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ቢመጣም ጆንያ ለመጠቅለል ጊዜ አይጠፋም። ላም አለኝ በሰማይ እያሉ የምድሩን እንጀራ ማሳረር ግን ለልጅ አይበጅም።

ሃምሳ አለቃውን ይህን ጽሑፍ አንብበንላቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «የኔን ነገር አላሳመርከውም አይደል?» ሲሉ ጠየቁን። አላሳመርነውም። እናንተም ከዚያ ዘመን፣ ከየትኛውም ወገን ሁናችሁ ያያችሁት ነገር ካለ ጽፋችሁ አምጡልን። መጻፍ የማትችሉ ኑና ንገሩን፤ በእጃችን እንገለብጠዋለን። እንዳላችሁት እናወጣዋለን።

ቸር ይግጠመን።